የወንዙ መንገድ ሰባት ማረፊያዎች

ባለፈው ጥቅምት ለቅሶ ለመድረስ ኮልፌ ሄጄ 18 ማዞሪያ ከታክሲ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው። አዲስ የተላጠ ባህር ዛፍ ሽታ። ከማዞሪያው ዝቅ ብሎ አንድ ፎቅ እየተሠራ ነበር፤ ለመወጣጫ የሚሆነው አጣና በር ላይ ተከምሯል፣ ልጣጩ ገና እርጥብ ነው። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ቦርሳዬን እንደያዝኩ እዚያው ቀረሁ፤ አንዱ ወያላ «እናት፣ መንገድ ይልቀቁ እንጂ!» ብሎ እስኪጮኽብኝ ድረስ። ያ ሽታ ለእኔ የአጥር ሽታ ነው። ዐሥር ዓመቴ ሳለ የወንዙን መንገድ የዘጋብን አጥር ሽታ።

ለቅሶ ቤቱ ከመግባቴ በፊት ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዳር ዳሩ ንጣፍ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። አንዷን ልጅ «ይሄ መንገድ መቼ ተሠራ?» አልኳት።

«አዲስ ነው እኮ፤ ገና ዓመትም አልሞላው» አለችኝ።

አዲስ! ለራሴ እስኪገርመኝ ድረስ ተናደድኩ። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ የነገራት የለም። ይሄ መንገድ አንድ ሽማግሌ የሞቱለት መንገድ ነው፤ ያውም በሕይወት እያሉ። እኔ ካልጻፍኩት ደግሞ ማንም አይጽፈውም።

ሽማግሌው አያቴ ናቸው፤ አባባ ተክሌ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ከእናቴና ከእሳቸው ጋር ነበር የምኖረው። እናቴ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ እኔን ትምህርት ቤት የማድረሱ ነገር ለአባባ የተተወ ነበር። ሰው ሲሞት የእድሩ ዳኛ መልእክት ይልካሉ፤ አባባ ጥሩምባውን ከሚስማሩ ላይ ያወርዳሉ፣ ካፖርታቸውን ይደርባሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ። ከዚያ ከወንዙ መንገድ ላይ ያ ረጅም ድምፅ ይሰማል፤ ከድምፁ ቀጥሎ የአባባ ጥሪ፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!» ከጥሪው ቀጥሎ ደግሞ የሟቹ ስምና የቀብሩ ሰዓት።

በልጅ አእምሮዬ ነገሩን የተረዳሁት ገልብጬ ነው። ሰው ስለሞተ ጥሩምባ ይነፋል አላልኩም፤ ጥሩምባው ስለተነፋ ሰው ይሞታል ነው ያልኩት። ማስረጃም ነበረኝ። ጥሩምባው ሚስማሩ ላይ የሰነበተ ጊዜ ሰፈሩ ሰላም ነው። ጥሩምባው ወርዶ ስሙ የተጠራ ሰው ግን ከቶ ድኖ አያውቅም። ማታ ስተኛ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ እዚያው ካለ እተኛለሁ። አባባን ግን አልፈራቸውም ነበር። መሣሪያ ታጥቆ እንደሚሄድ ወታደር ነበር የማያቸው፤ ታዝዘው ነው እንጂ እሳቸው ምን ያድርጉ።

መንገዱ ከቤታችን በታች ካለው ዋንዛ ተነስቶ ወንዙን ይዞ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያበቃል። ትምህርት ቤቴም ከድልድዩ ማዶ ነው። ግራና ቀኙ ሳማ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ በበጋ ደግሞ ልብስ አጣቢዎቹ የሚወቅጡት እንዶድ አረፋው እስከ መንገዱ ድረስ ይመጣል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። በዚህ መንገድ ላይ ሰባት ማረፊያ አለ። የሰፈራችን ሟች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባቱም ቦታ ላይ ቃሬዛው ይቀመጣል፣ ካህናቱ ይጸልዩበታል፣ ከዚያ ይነሳል። እኔ ሟቹ ደክሞት የሚያርፍ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን «አባባ፣ ተሸካሚዎቹ ናቸው የሚሄዱት፤ እሱን ምን አደከመው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከዚህ ሰፈር መለየት አይደክምም?» አሉኝ።

ታሪክ የተማርኩት በእነዚህ ማረፊያዎች ነው። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዘው ሲወስዱኝ በየማረፊያው ቆም ይሉና አንድ ነገር ይነግሩኛል፤ ግማሹ ለእኔ ነው፣ ግማሹ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ። የፈረሰው ወፍጮ ጋ ስንደርስ፣ «ይሄ የግሪኩ ወፍጮ ነው። በውሃ ነበር የሚፈጨው። የሞተ ጊዜ ዘመድ አልነበረውም፤ እኛ ነን ተሸክመን በቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ አስፋልቱ ያወጣነው። የሰው አገር ሰው ነው ብለን አንዱንም ማረፊያ አልዘለልንበትም» ይሉኛል። ድልድዩን ሰፈሩ ሁሉ የጣሊያን ድልድይ ነው የሚለው። አባባ ይሄን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል።

«ጣሊያን ቆሞ አየ። ድንጋዩን የተሸከምነው እኔና ወንድሜ ነን። ያችን ታያታለሽ፣ ጥቁሯን? ወንድሜን እግሩ ላይ ወድቃበት እስኪሞት አነከሰ። የጣሊያን ድልድይ ይሉኛል!»

እኔም ስንሻገር ጥቁሯን ድንጋይ እንዳልረግጥ እዘላታለሁ። አሁንም ባገኛት እዘላታለሁ።

የዚያን ዓመት ዝናቡ እንዳቆመ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ያኔ ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት ከኅብረት ሱቅ ስኳር መቅረት ስለሆነ ሁሉም መጣ። ሊቀመንበሩ ጓድ በላይነህ ይባላል፤ የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቱ እማማ የሺ ቤታቸው ከዋንዛው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ካኪውን የማያወልቅ፣ ሲናገር እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ የሚያደርግ ሰው ነበር። ክፉ ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። የወንዙን ዳር አልምቶ የሰፈሩን ድሃ ጎመንና ድንች ሊያበላ ቆርጦ ተነስቷል። ቦታው ሙሉ በሙሉ ይታጠራል፣ ከብትም ሰውም አይገባበትም አለ።

አባባ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግዲያው ሬሳ በየት ይለፍ?»

«በአስፋልቱ ነዋ፣ አባባ ተክሌ! አስፋልቱ ለምንድን ነው የተሠራው? ለሞተ ሰው መንገድ ስንጠብቅ ሕያው ይራብ? ጎመን የሚበላው ሕያው ነው።»

ከኋላ ተጨበጨበ።

«ጎመኑን ትከሉ። እኔም እበላለሁ። መንገዱን ሁለት ክንድ ብቻ ተዉልን።»

«ውሳኔው ተወስኗል» አለና እርሳሱን ኳ አደረገው። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንድም ቀና ያለ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር ነበረው፤ ቀበሌ ገብቶ ያልወጣ ሰው ሁሉም ያውቃል። አባባ ብቻ አንገታቸውን እንዳቀኑ ቁጭ አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ «አባባ፣ አሁን ምን ልናደርግ ነው?» አልኳቸው።

«ነገ ትምህርት ቤት አለሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እንሄዳለና።»

በሁለት ቀን ውስጥ አጥሩ ቆመ። አጣናው እዚያው ነው የተላጠው፤ ሽታው ቤታችን ድረስ ገባ። አባባ አጥሩ ጋ ሲደርሱ የሁለት አጣና ገመድ ፈቱ፣ እኔን አሳለፉ፣ እሳቸው አለፉ፣ ከዚያ ዞረው ገመዱን መልሰው አሰሩት፤ ከበፊቱ አጥብቀው። «ከብት እንዳይገባ ነው። ጎመኑ ምን አደረገን?» አሉኝ። የአትክልቱ ዘበኛ እኛን ሲያይ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ያስላል። ስንመለስም እንደዚያው፤ እንፈታለን፣ እናስራለን። ሳምንት ሳይሞላ አጣናው በሚስማር ተመታ። አባባ በማግስቱ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ መዶሻ ይዘው መጡ። ሚስማሩን ነቀሉ፣ አለፍን፣ መልሰው መቱት። ከሰዓትም ደገሙት። በአራተኛው ቀን ጓድ በላይነህ ራሱ እዚያ ቆሞ ጠበቀን።

«አባባ ተክሌ፣ ይሄ ነገር ልማትን ማደናቀፍ ነው። እያወቁ ነው የሚያደርጉት።»

«ልጄ፣ ሚስማርህን አንድ ሳላጎድል መልሼ መትቼልሃለሁ። ግባና እየው።»

በነጋታው ጠዋት መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው አባባን ወሰዷቸው። እናቴ ፋብሪካ ነበረች። አባባ ከበር ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው «ዳቦው ከሰፌዱ ሥር ነው» አሉኝ። ቤት ውስጥ እኔና ጥሩምባው ቀረን።

አላለቀስኩም። እኛ ቤት ግትርነት ይወረሳል፤ እኔም ዐሥር ዓመቴ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚሞት ደግሞ አውቃለሁ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ጥሩምባውን አወረድኩ። ከጠበቅኩት በላይ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ታቅፌው ዋንዛው ሥር ወረድኩና ነፋሁት። ድምፅ አልወጣም፤ ምራቅ ነው የወጣው። ደግሜ ስነፋ እንደ በግ ጩኸት ያለ ነገር አሰማ። ይበቃል ብዬ ስሙን ጠራሁት።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ጓድ በላይነህ አርፏል! ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው!»

ፊት ለፊት ካለው ቤት አጥር ጀርባ አንድ ሰው ተንቀሳቀሰ። እማማ የሺ ነበሩ፤ የጓድ በላይነህ እናት። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የተጠበሰ እሸት በቆሎ ይዘዋል። ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆርሰው የሚሰጡኝ በቆሎ ነው። እማማ የሺን በጣም ነበር የምወዳቸው፤ በንዴቴ የማን እናት እንደሆኑ ረስቼው ነበር።

«ማን አረፈ አልሽ፣ ሙሉ?»

ጥሩምባውን አጥብቄ ታቀፍኩት።

«በላይነህ ነው ያልሽው? የእኔ በላይነህ?»

«አባባን አስሯቸዋል!» አልኩና ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

«ማንን? ተክሌን?» እማማ የሺ የዋንዛው ሥር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ከክረምት ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ሳቅ አሉ። «ስሚ ልጄ፣ እሱ ገና ልጅ ነው፤ ሚስት እንኳ አላገባም። ሰው መጥራት ካለብሽ እኔን ጥሪ። እኔስ እንደሁ ጠግቤያለሁ።» ከዚያ ወደ ጥሩምባው አፍ ጎንበስ አሉና «ሰማህ? የሺን ነው!» አሉት።

ለመሳቅ ነው ያሉት። በቆሎውን ሰጡኝና ምርኩዛቸውን እየተከሉ ወደ ቀበሌው አቅጣጫ ሄዱ። ለልጃቸው ምን እንዳሉት እስካሁን አላውቅም፤ አባባ ግን ከምሽቱ በፊት ቤት ገቡ። ጥሩምባውን ሚስማሩ ላይ መልሼ ነበርና ምንም አልጠረጠሩም። በቆሎውን ግን ሳልበላ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ እማማ የሺ ሞቱ።

ያን ጠዋት ጓድ በላይነህ በራችን ላይ ሲቆም ጫማውን እንኳ አላሰረም ነበር። ካኪ አልለበሰም፤ ያለ ካኪ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አባባ ተክሌ፣ እናቴ...»

«ሰማሁ ልጄ። ግባ፣ ብርድ ነው።»

«አባትህን በወሰዱበት መንገድ ውሰደኝ ብላኛለች።»

እኔ ብሆን አንድ ነገር እለው ነበር። በአስፋልቱ ነዋ፣ እለው ነበር። አባባ ግን ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና ወደ ጥሩምባው ተነሱ። እኔ እግራቸው ሥር ወድቄ «አይንፉ! አባባ አይንፉ!» እያልኩ ካፖርታቸውን ያዝኩ። እማማ የሺን ስለምወዳቸው ነው ብለው እናቴም እሳቸውም አባበሉኝ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ልናገር? እኔ ልጁን ብጠራ፣ እናትየው ራሳቸውን ተኩ። ጥሩምባው ሰምቷል።

ቃሬዛው አጥሩ ጋ ሲደርስ ሁሉም ቆመ። አጣናው በሚስማር እንደተመታ ነው። ካህናቱ ሊቀመንበሩን ያያሉ፣ ሊቀመንበሩ አጥሩን ያያል። አባባ ከካፖርታቸው ኪስ መዶሻውን አውጥተው ሰጡት። ጓድ በላይነህ እያለቀሰ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ሲጨርስ ካህናቱ እዚያው ጸሎት አደረሱ፤ ሰባት ማረፊያ ያለው መንገድ የዚያን ቀን ስምንት ሆነለት።

ከቀብር ስንመለስ ዘበኛው አጣናዎቹን እንደያዘ «መልሼ ልምታው?» ብሎ ጠየቀ። ጓድ በላይነህ አፉን ሲከፍት አባባ ቀደሙት።

«ለሣልስቷ በዚሁ ነው የምንሄደው። ለሦስት ቀን ብለህ ምን ያደክምሃል?»

ሣልስቷ ሲያልፍ አባባ ሰባቷ ደረሰ አሉ። ከሰባቷ በኋላ ዐሥራ ሁለቷ አለ፤ ከዐሥራ ሁለቷ በኋላ ሠላሳዋ። አባባ ቀኑን ሁሉ በጣታቸው ቆጥረው ያውቁታል። ዘበኛው በየጊዜው መዶሻውን ይዞ ይመጣል፣ አባባም በየጊዜው የሚቀጥለውን ቀን ይነግሩታል። ጓድ በላይነህ ሰው ፊት እንዲህ ባለው ነገር አያምንም፤ የእናቱን ቀን ግን ዝለሉት ማለት አልሆነለትም። ስለዚህ መንገዱ ተከፍቶ ቆየ፣ እኛም ያለ መዶሻ ትምህርት ቤት መመላለስ ጀመርን።

እኔ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ። በእማማ የሺ በር ሳልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በቆሎ ሲጠበስ ከሸተተኝ አፍንጫዬን ይዤ እሮጣለሁ። ክፍል ውስጥ አስተማሪዬ ስሜን ሲጠሩ እንኳ እደነግጥ ነበር፤ ስም መጥራት የሚባለው ነገር በሙሉ አስፈራኝ። አባባ ጥሩምባውን ባወረዱ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ። እናቴ ጸበል ውሰዷት አለች። አባባ ግን ያዩኛል ብቻ።

የአርባዋ ቀን ቅዳሜ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጓድ በላይነህ አባባን ጎን ጠርቶ «አባባ ተክሌ፣ አርባዋ ወጣ። ሰኞ ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ነገ ከሰዓት አጥሩን እዘጋዋለሁ» አላቸው።

«ሰማንያዋስ?»

«ይብቃ፣ አባባ። እኔም የምጠየቅበት ነገር አለ።»

አባባ አልተከራከሩም። እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግን ጥሩምባውን አወረዱና «ሙሉ፣ ተከተይኝ» አሉኝ። የሞተ ሰው አልነበረም። ወደ ዋንዛው ወረድን። ሥሩ ላይ፣ እማማ የሺ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ንገሪኝ። ምን ሆነሻል?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በርጩማውን፣ ምራቁን፣ የጓድ በላይነህን ስም፣ እማማ የሺ ለጥሩምባው ያሉትን፣ አልጋዬ ሥር የደረቀውን በቆሎ። አልሳቁብኝም። አልተቆጡኝም። ጥሩምባውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«በይ የእኔን ስም ጥሪ።»

«አልጠራም!»

«ትጠሪያለሽ።»

«ይሞታሉ!»

«ካልሞትኩስ?»

«አባባ፣ በእመቤቴ! አልጠራም!»

«ሙሉ፣ እኔ እስከ ነገ እዚህ መቀመጥ እችላለሁ። አንቺስ?»

እንደሚችሉ አውቃለሁ። ከንፈሬን እንዴት እንደማጠብ፣ ትንፋሹን ከሆዴ እንዴት እንደማወጣው አሳዩኝ። የመጀመሪያው አልሆነም። ሁለተኛው ግን ወጣ፤ ረጅም ሆኖ፣ ወንዙን ይዞ ወርዶ፣ ማዶ ያለው ዳገት ላይ መትቶ ተመለሰ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እያለቀስኩ ጮኽኩ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! አቶ ተክሌ ወልደየስ አርፈዋል!»

«ሰዓቱንስ?» አሉ አባባ።

«ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው!»

ዓይኔን ስገልጥ አባባ አሉ። ጉልበታቸውን እያሹ ነው። ገና ልተነፍስ ስል ከታች ከአጣቢዎቹ በኩል «ወይኔ ተክሌ! ወይኔ ተክልዬ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ጩኸቱ ከዚያ ወዲህ፣ ከዚህ ወዲያ ተቀባበለ። ሰው እየሮጠ መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጃቸው ላይ ገና የእንዶዱ አረፋ አለ። ካህኑ መጡ። የእድሩ ዳኛ መጡ፤ ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች የድንኳን ቋሚ ተሸክመዋል። እናቴ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ደረሰች። ጓድ በላይነህም ከነካኪው እየሮጠ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ሁሉም መጥቶ ዋንዛው ሥር ቆመ። አባባ ተነስተው ቆባቸውን አወለቁ።

«ደህና አደራችሁ?»

አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ስድብ ጀመረች። እናቴ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያየች መሬት ላይ ቁጭ አለች። የእድሩ ዳኛ ሰው ገፍተው ወደ ፊት ወጡ።

«ተክሌ! በዚህ ዕድሜህ በእድር ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም። ልጄ የያዛት ፍርሃት ነበር፤ እሱን ላስለቅቃት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን ከመጣችሁ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ አሁን እዚህ የደረሳችሁት በየት በኩል ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እግሩ አየ። ሁሉም እግር ላይ ጎመኑን የሚያጠጡበት ውሃ ያመጣው አንድ ዓይነት ጭቃ ነበር። ማንም በማዞሪያው አልዞረም፤ ሰው ሞተ ሲባል ሁሉም በወንዙ መንገድ፣ በተከፈተው አጥር ነው የሮጠው።

አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተስ በላይነህ፣ በአስፋልት ነው የመጣኸው?»

የጓድ በላይነህ ጥቁር ቡትስ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። አንገቱን ደፍቶ አየው። ሊያሳስራቸው ይችል ነበር፤ ያኔ ለዚህ የሚሆን ቃል አይጠፋም። እርሳሱን ከኪሱ አወጣ፤ የሚመታበት ጠረጴዛ የለም። ጆሮው ላይ ሰካው።

«ሁለት ክንድ ነበር ያሉት?»

«ሁለት ክንድ።»

«በሁለት ክንድ ቃሬዛ አያልፍም» አለ። «ሦስት ይሁን።»

አጥሩ የዚያኑ ቀን ተነቅሎ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተተከለ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ነው የሠራው። ጎረምሶቹ የድንኳኑን ቋሚ ጥለው አጣና ተሸከሙ፤ ዘበኛው በመጨረሻ መዶሻውን ለሥራ አዋለው። መንገድ ላይ የቆመው አንድ መደብ ጎመን መነቀል ስለነበረበት ተነቅሎ ለሴቶቹ ተከፋፈለ፤ አባባ ተክሌን ሊቀብር የወጣ ሰፈር ጎመን ታቅፎ ገባ። ሰኞ ጎብኚዎቹ ሲመጡ ጓድ በላይነህ መንገዱን በእቅድ የተሠራ ነው ብሎ አስጎበኛቸው አሉ።

አባባ ድምፄ ከዋንዛው ሥር እስከ ማዶ እንደሚሰማ ያውቁ ነበር ወይ? ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ቆመው የነፉ ሰው ናቸው። ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት ወይስ ለመንገዱ? ስንት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ አንድም ቀን አልመለሱልኝም። አሁን ሳስበው ሁለቱን የሚለዩት አይመስለኝም።

ያን ሌሊት ግን እኔ ገና አልተማመንኩም ነበር። ስሙ ተጠርቷል፤ ሰዓቱ ተነግሯል። ማን ያውቃል፣ ዘግይቶ ይሆናል የሚሠራው። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። በባዶ እግሬ ወደ መደባቸው ሄድኩና ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። አይተነፍሱም። ይበልጥ አስጠጋሁ። ጋቢያቸው ባህር ዛፍ፣ ባህር ዛፍ ይሸታል። 

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«አለሁ። ጫማሽን አድርጊ፤ በወንዙ ነው የምንሄደው።»